የትምህርት ቤት ቦርድ፦ ማን ይሾማል፣ ማን ይመረጣል፣ ማን ያነሣል?

በትምህርት ቤት በር ላይ የሚለጠፍ የወላጆች ስብሰባ ማስታወቂያ ከአራት መስመር አይበልጥም። ቀን፣ ሰዓት፣ «እንዳትቀሩ» የሚል ማሳሰቢያ፣ ከዚያ አጀንዳ። አንደኛው አጀንዳ የተማሪዎች ውጤት፣ ሁለተኛው የዓመቱ ዕቅድ፣ ሦስተኛው «ልዩ ልዩ» ይላል። የቦርድና የወመተህ (የወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረት) አባላት ምርጫ ያለው እዚያ «ልዩ ልዩ» ውስጥ ነው።

ቀጥሎ የሚሆነውን ባሕር ዳር ላይ ልጅ ያስተማረ ሁሉ ያውቀዋል። ለ2፡30 የተጠራው ስብሰባ 4 ሰዓት ላይ ይጀመራል። ሪፖርቱ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ፀሐይ ጠንከር ስትል፣ ዳር ዳር የተቀመጡት መሹለክ ሲጀምሩ፣ ከመድረኩ «የጎደሉ አባላት ስላሉ ቶሎ እናሟላና እንለያይ» ይባላል። ሦስት አራት ስም ይጠራል። ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የተነገራቸው ሰዎች ናቸው። «ተቃውሞ ያለው?» ይባላል፤ ጎረቤቱን ፊት ለፊት የሚቃወም ማን አለ? ይጨበጨባል። ቃለ ጉባኤው ላይ «በሙሉ ድምፅ ተመረጡ» ተብሎ ይጻፋል።

እነዚሁ ሰዎች የእድራቸውን ገንዘብ ያዥ በዚህ ዓይነት አይመርጡም። እድር ላይ መዝገቡ ይነበባል፣ ድንኳኑና ድስቱ ተቆጥሮ ይተላለፋል፣ የቀረ ሰው ይቀጣል፣ የሚመረጠውም ሰው ጠባዩ ከጀርባው ሳይሆን ፊቱ ይነገራል። ስለ ምርጫ የማያውቅ ሕዝብ የለንም። ትምህርት ቤት ላይ ሲደርስ የሚጠፋው ግን «ይሄ ወንበር የእኔ ነው» የሚለው ስሜት ነው። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም፤ አብዛኛው ወላጅ የትኛው ወንበር በእሱ ድምፅ እንደሚሞላ፣ የትኛው በሹመት እንደሚመጣ ነግሮት የሚያውቅ የለም።

ስለ ቦርድ ስንነጋገር «አባላቱ ስንት ይሁኑ?» የሚለው ጥያቄ ከሚገባው በላይ ጊዜ ይበላል። ከዚያ በፊት ለእያንዳንዱ ወንበር ሦስት ነገር ተለይቶ መጻፍ አለበት፦ ማን ይሞላዋል፣ ማን ሊያነሣው ይችላል፣ በየትኛው ቀንና ዓመተ ምሕረት ባዶ ይሆናል። ሦስቱ የተጻፉለት የ7 ሰው ቦርድ፣ ካልተጻፉለት የ15 ሰው ቦርድ የተሻለ ይሠራል።

ሁለት አካል፣ አንድ ግራ መጋባት

የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የትምህርት አስተዳደር ወደ ታች እንዲወርድ ካደረገ በኋላ፣ ትምህርት ሚኒስቴር በ1994 ዓ.ም. የትምህርት አመራር፣ አደረጃጀት፣ የኅብረተሰብ ተሳትፎና የፋይናንስ መመሪያ አወጣ። በቀበሌ ደረጃ የቀበሌ ትምህርትና ሥልጠና ቦርድ (በአጭሩ ቀትስቦ የምንለው)፣ በትምህርት ቤት ደረጃ የወላጅ መምህር ኅብረት በሥርዓት የተዘረጉት በዚያ ነው። ኅብረቱ ኋላ ተማሪም ገብቶበት ወመተህ ሆነ። ዝርዝሩ እንደየክልሉና እንደየጊዜው ስለሚሻሻል፣ ማንኛውም አስመራጭ ኮሚቴ ሥራውን የሚጀምረው የወረዳው ወይም የክፍለ ከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት አሁን የሚሠራበትን መመሪያ በእጁ አስገብቶ ነው። በቃል የተነገረ መመሪያ ቅሬታ ሲነሣ አይቆምም።

የሁለቱ ባሕርይ ይለያያል። ቀትስቦ ላይ የሚቀመጠው አብዛኛው ሰው የመጣው ሌላ ቦታ ባለው ኃላፊነት ነው፦ የቀበሌው አስተዳዳሪ፣ ርዕሰ መምህሩ፣ የማኅበራት ተወካዮች። ወመተህ ግን ከሥሩ ሲታይ የወላጆች ጉባኤ ልጅ ነው። ግራ መጋባቱ የሚጀምረው አንድ ሰው በሁለቱም ሲቀመጥ ነው። የወመተህ ሰብሳቢ በቀትስቦም ወላጆችን ይወክላል እንበል። በምርጫ ከወመተህ ወረደ። የቀትስቦ ወንበሩስ? ደንቡ «ሰብሳቢው በሰብሳቢነቱ» ካለ ወንበሩ በዚያው ቀን ለአዲሱ ሰብሳቢ ያልፋል። «አቶ እገሌ» ብሎ በስም ከጻፈ ግን ሰውየው ልጁ ተመርቆ ከወጣም በኋላ ስብሰባ ሲጠራ ይኖራል። ስለዚህ በሥራ ኃላፊነት በሚሞላ ወንበር ላይ የሰው ስም አይጻፍም፤ የኃላፊነቱ ስም ይጻፋል።

አራት መግቢያ በር

ወደ ቦርድ የሚገባባቸው በሮች አራት ናቸው፤ የየራሳቸው ብልሽትም አላቸው።

አንደኛው በሥራ ኃላፊነት የሚገባበት ነው። ርዕሰ መምህሩ ሲዛወር ወንበሩ አብሮት አይዛወርም፤ ለተተኪው ይቀራል። የዚህ በር ችግር ባለሥልጣኑ ራሱ ሳይመጣ በየስብሰባው የተለያየ ሰው መላኩ ነው። ዛሬ ሥራ አስኪያጁ፣ በሚቀጥለው ወር ሌላ ባለሙያ ይመጣል፤ የባለፈውን የሚያስታውስ አይኖርም። መፍትሔው አንድ ቋሚ ምክትል በደብዳቤ ማሳወቅ ነው፤ ሌላ ሰው ከመጣ ያዳምጣል እንጂ ድምፅ አይሰጥም።

ሁለተኛው ውክልና ነው። የሴቶች ማኅበር፣ የመምህራን ማኅበር፣ አንዳንድ ቦታ የሃይማኖት አባቶችና የአገር ሽማግሌዎች ሰው ይልካሉ። እዚህ ላይ መጠቆምና መሾም አንድ አይደሉም። እንግሊዝ ውስጥ በ2012 እ.ኤ.አ. በወጣው ደንብ መሠረት የአካባቢው አስተዳደር ለቦርዱ አንድ ሰው ይጠቁማል፤ የሚሾመው ግን ቦርዱ ነው፤ ያውም ቦርዱ ያወጣውን መመዘኛ ካሟላ። ትንሽ የምትመስል ልዩነት ናት፤ ግን የላከው አካል «የላክሁት ሰው ነውና ተቀበሉ» እንዳይል ታደርጋለች። እኛ ጋ የሚመጣው ደብዳቤ ብዙ ጊዜ ስም ብቻ ነው የያዘው፤ የሰውየው ሙያም፣ ስብሰባ መገኘት መቻሉም፣ ፈቃደኛ መሆኑም አይጻፍበትም።

ሦስተኛው በር ምርጫ ነው፤ እሱ ላይ ቆየት እንላለን።

አራተኛው ጥሪ ነው፤ ቦርዱ ራሱ ለሙያው ሲል የሚጋብዘው ሰው። የሒሳብ ባለሙያ፣ የግንባታ መሐንዲስ፣ ጡረታ የወጣ መምህር። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ያለባት ከተማ ስለሆነች ከተማው ውስጥ ይህ በር ሀብት ነው። ጣና ላይ ወዳለው ደቅ ደሴት ወይም በሐይቁ ዳርቻ ወዳለችው ደልጊ ሲኬድ ግን ክላስተር ሱፐርቫይዘሩ (የአካባቢውን ትምህርት ቤቶች እየዞረ የሚከታተለው ባለሙያ) ራሱ በስንት አንዴ ነው የሚደርሰው። በጥሪ የገባ ሰው ከሁለት መብለጥ የለበትም፣ ሰብሳቢም መሆን የለበትም ባይ ነን። ምክንያቱም እሱን ያመጡት አባላት ናቸው፤ ቁጥሩ ከበዛ ቦርዱ ራሱን በራሱ የሚመርጥ የወዳጆች ማኅበር ይሆናል።

ስለ ድምፅ ሚዛን ለማሰብ የደቡብ አፍሪካ ሕግ ጥሩ ልክ ነው። የ1996 እ.ኤ.አ. የትምህርት ቤቶች ሕጋቸው ወላጆች ድምፅ ካላቸው ከሌሎቹ አባላት ድምር በአንድ እንዲበልጡ ያዛል፤ ሰብሳቢውም በትምህርት ቤቱ ተቀጣሪ ያልሆነ ወላጅ መሆን አለበት። ሒሳቡ ቀላል ነው። ሁለት መምህር፣ አንድ ተማሪ፣ አንድ የቀበሌ ተወካይ፣ አንድ የማኅበረሰብ ተወካይ ካለ 5 ሆኑ፤ ወላጅ 6 ይሆናል፤ ቦርዱ 11። ርዕሰ መምህሩ ያለ ድምፅ ጸሐፊ ቢሆን ቁጥሩ አይናወጥም። ርዕሰ መምህሩ ድምፅ ይኑረው ከተባለ ደግሞ የወላጅ ወንበር 7 ይሆናል። ይህን ቀመር የማይፈቅድ መመሪያ ባለበት ቦታ እንኳ፣ ገንዘብ ነክ ውሳኔ ላይ ከተገኙት ድምፅ ሰጪዎች ግማሽ ያህሉ ወላጅ ካልሆኑ ውሳኔው እንዲያድር ማድረግ ይቻላል።

ወላጅ ማን ነው?

ምርጫ የሚበላሸው በምርጫው ቀን አይደለም፤ የስም ዝርዝሩ ሲዘጋጅ ነው። ትምህርት ቤቱ ያለው የተማሪ መዝገብ እንጂ የወላጅ መዝገብ አይደለም። በዚህ መዝገብ ካርድ ከታደለ ሦስት ልጅ ያላት እናት ሦስት ድምፅ ይኖራታል። እንዲህ እንበል፦ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት 1,840 ተማሪ በ32 ክፍል ይዟል። ወንድምና እህት እየተጣመሩ ሲጻፉ ቤተሰቡ 1,310 ሆነ። የመራጩ ቁጥር 1,310 ነው፤ አንድ ቤተሰብ አንድ ድምፅ። (ለእናትም ለአባትም አንዳንድ ይሰጥ የሚል ሐሳብ አለ፤ ይቻላል፤ ግን መጀመሪያ ይወሰን፣ ምርጫው ቀን አይሁን።) ይህን የማጣመር ሥራ መሥራት ያለባቸው የክፍል ኃላፊ መምህራን ናቸው፤ በስልክ ቁጥር ብቻ ማጣመር ደግሞ ያሳስታል፤ አንድ ጎረቤት ለአምስት ቤት ስልኩን ያስመዘግባልና።

ከዚህ የከበደው ጥያቄ ልጁን ማን ወክሎ ይመርጣል የሚለው ነው። ባሕር ዳር ላይ ከዘጌ፣ ከደቅ፣ ከመሸንቲ፣ ከጢስ ዓባይ መጥተው ክፍል ተከራይተው፣ ስንቅ ከቤት እየተላከላቸው የሚማሩ ልጆች ብዙ ናቸው። በዚያ ላይ በግጭት የተፈናቀሉ ቤተሰቦች ልጆች አሉ፤ አንዳንዱ አጎቱ ጋ ነው፣ አንዳንዱ አክስቱ ጋ። የእነዚህ ልጆች ወላጅ ስብሰባ አይመጣም፣ አሳዳጊው ደግሞ «እኔ ወላጅ አይደለሁም» ብሎ ይቀራል። በደቡብ አፍሪካው ሕግ ወላጅ ማለት የወለደ ብቻ አይደለም፤ በልጁ ትምህርት ጉዳይ የወላጅን ግዴታ የተሸከመ ሰውም ወላጅ ነው። እኛም «ወላጅ ወይም አሳዳጊ» የሚለውን ቃል በወረቀት ላይ ብቻ ሳይሆን በመዝገቡ ላይ ማስፈር ያስፈልገናል፦ በምዝገባ ወቅት አንድ ሰው ይፈርማል፣ ለዚያ ልጅ ድምፅ የሚሰጠውም እሱ ነው። የቤት አከራይ ግን በአከራይነቱ ብቻ አሳዳጊ አይሆንም።

ሌላ መዘዝ አለ፦ ባለ ሁለት ባርኔጣ ሰው። በዚያው ትምህርት ቤት የሚያስተምር፣ ልጁም እዚያው የሚማር መምህር በወላጅ ወንበር መወዳደር የለበትም። ድምፅ ይስጥ፤ ወላጅ ነውና። ወንበሩ ላይ ከወጣ ግን የወላጅ አብላጫ ስም ብቻ ይሆናል። የቀበሌ አመራር የሆነ ወላጅም እንዲሁ።

ቀኑን መምረጥ

መስከረም ይቅር። ምዝገባው አያልቅም፣ ዝርዝሩ አይጠራም፣ ደመራና መስቀልም በመካከሉ አለ። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ወደ ፎገራ በኩል የሩዝ አጨዳ ነው፤ ገበሬ ማሳውን ትቶ አይመጣም። ዘጌም ቡና ለቀማ ላይ ትሆናለች። የሚሻለው ጥቅምት ነው።

የሳምንቱን ቀን በተመለከተ ቅዳሜ የባሕር ዳር ትልቁ ገበያ ነው፤ በተለይ ነጋዴ እናቶችን ያስቀራል። ዓርብ ከቀኑ 6 እስከ 8 ሰዓት ሙስሊም ወላጆች ለጁምዓ ይሄዳሉ። ገጠር ላይ የሚሠራው ዘዴ የወር በዓላትን መጠቀም ነው። በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ27 መድኃኔዓለም ገበሬው በሬ አይጠምድም፤ ከቅዳሴ በኋላ፣ ከ3 ሰዓት ጀምሮ ስብሰባ ቢጠራ ይገኛል። ሙስሊምና ክርስቲያን ተቀላቅሎ ባለበት ቀበሌ እሑድ ጠዋት ከ4 ሰዓት በኋላ ያስማማል። በጀልባ መጥተው በዚያው ቀን መመለስ ላለባቸው ወላጆች ስብሰባው ከቀኑ 6 ሰዓት በፊት ማለቅ አለበት፤ ጣና ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣበት መንገደኛ አይወድም።

ምልዓተ ጉባኤ ስንት እንደሆነ ካልተወሰነ ምርጫ የለም። ከግማሽ በላይ ካልመጣ አይጀመርም የሚለው ደንብ ያማረ ነው፤ አይሠራም። ከ1,310 ቤተሰብ 656 ሰው የሚይዝ አዳራሽ ያለው ትምህርት ቤት ራሱ ስንቱ ነው? ስለዚህ በተግባር የሚሆነው የተገኙት ቁጥር ተጋንኖ የፊርማ ወረቀቱ ከስብሰባው በኋላ በየክፍሉ ዞሮ መሞላቱ ነው። ደቡብ አፍሪካ ላይ ለመጀመሪያው የጥቆማ ስብሰባ የሚጠየቀው ከወላጆች 15 በመቶ ነው፤ ካልሞላ ስብሰባው ይበተንና ሁለተኛ ይጠራል፤ ለሁለተኛው ምልዓተ ጉባኤ አያስፈልግም። በእኛ ምሳሌ 15 በመቶው 197 ሰው ነው። ዝቅ ያለ ግን እውነተኛ ቁጥር፣ ከፍ ካለ የሐሰት ፊርማ ይሻላል።

የምርጫው ቀን

ጥሪው ቢያንስ ከ10 ቀን በፊት በልጁ እጅ በወረቀት ይላካል፤ ከታች ተቆርጦ የሚመለስ፣ ወላጅ የሚፈርምበት ክፍል ይኖረዋል። ወረቀቱ ላይ «ምርጫ» የሚለው ቃል በግልጽ ይጻፍ፤ ስንት ወንበር እንደሆነ፣ የማን የሥራ ዘመን እንዳለቀ ጭምር። ጥቆማ በጽሑፍ፣ ከስብሰባው 3 ቀን በፊት ይዘጋል። እያንዳንዱ ጥቆማ ሁለት ደጋፊ ወላጆች የፈረሙበት፣ ተጠቋሚውም «ፈቃደኛ ነኝ» ብሎ የፈረመበት ይሁን። ይህች የተጠቋሚው ፊርማ ብዙ ጣጣ ታስቀራለች፤ በጭብጨባ ተመርጠው ከሁለት ስብሰባ በኋላ የሚጠፉት አብዛኞቹ ሲመረጡ እንቢ ለማለት ያፈሩ ናቸው።

አስመራጭ ኮሚቴው 3 ሰው ይበቃዋል፦ የማይወዳደሩ ሁለት ወላጆችና አንድ መምህር። ሱፐርቫይዘሩ ይታዘብ። ርዕሰ መምህሩ ሪፖርት ያቀርባል፣ ጥያቄ ይመልሳል፤ ምርጫውን ግን አይመራም። ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም። ነገ ቦርዱ የሱን ዕቅድና ሒሳብ ይመረምራልና ነው።

ምርጫው የመጀመሪያ አጀንዳ ይሁን። ሪፖርቱ ይከተል። በዚህ ቅደም ተከተል ብቻ የሚገኘው ለውጥ ያስገርማል፤ ሰው ሳይበተን ይመርጣል፣ ሪፖርቱም አጭር ይሆናል።

ድምፅ በምሥጢር ነው። እጅ ማውጣት ትንሽ መንደር ውስጥ ምርጫ አይደለም፤ እጅ ያላወጣው ሰው ሲቆጠር ይውላል። ወረቀቱ በጀርባው የትምህርት ቤቱ ማኅተም ይረፍበት፤ ስንት እንደታተመ ከመጀመሩ በፊት ተቆጥሮ ይጻፍ። 220 ከታተመ፣ 197 ከታደለ፣ 23 ባዶ መመለስ አለበት። ሳጥን ውስጥ የተገኘውም ከ197 መብለጥ የለበትም፤ ከበለጠ ምርጫው ይደገማል፣ ክርክር የለውም። ሁለት ወንበር ካለ መራጩ እስከ ሁለት ስም ምልክት ያደርጋል። አንድ ብቻ ካደረገ ድምፁ ይቆጠራል፤ ሦስት ካደረገ ይሰረዛል። ይህ ሳይነገር ተጀምሮ ቆጠራ ላይ «አንድ ብቻ የመረጠው ይቆጠር አይቆጠር» ተብሎ ግማሽ ቀን ሊያልቅ ይችላል።

ማንበብ ለማይችሉ ወላጆች በአገር አቀፍ ምርጫ የለመዱት ዘዴ አለ፦ ምልክት። ለእያንዳንዱ ተወዳዳሪ ቀላል ሥዕል ይሰጥ፤ ታንኳ፣ ጀበና፣ ማረሻ፣ ቁልፍ። ምልክቱ በዕጣ ይታደል፤ ማረሻ ገበሬ ቀበሌ ላይ እንደ ታንኳ አይደለችምና። ተወዳዳሪው ምልክቱን ይዞ ቆሞ ሁለት ደቂቃ ይናገራል፤ መራጩ በአውራ ጣቱ ቀለም ያሳርፋል። ልጅ ገብቶ ለእናቱ የሚያነብበት አሠራር ግን መቆም አለበት፤ የልጁ መምህር ተወዳዳሪ ሊሆን ይችላል።

ቆጠራው በዚያው አዳራሽ፣ በጮኸ ድምፅ፣ ጥቁር ሰሌዳ ላይ አምስት አምስት እየተሠመረ ነው። እኩል ድምፅ ከመጣ በዕጣ ይለያል፤ ይህም ከመጀመሪያው ይነገር። ውጤቱ ከነቁጥሩ በር ላይ 5 ቀን ይለጠፋል። ቀጥሎ ያሉት ሁለት ሰዎች ተጠባባቂ ሆነው ይመዘገባሉ። በመካከል ወንበር ሲጎድል ተጠባባቂው ይገባል፤ የሚያገለግለው ግን የቀደመው ሰው የቀረውን ጊዜ ብቻ ነው። አብዛኛው ትምህርት ቤት ይህን ስለማይጽፍ፣ ከመካከል የገባ ሰው አዲስ ሙሉ ዘመን እንደጀመረ ተቆጥሮ የማን ጊዜ መቼ እንደሚያልቅ ይጠፋል።

የሥራ ዘመንና አዲሱ 6-2-4

ሦስት ዓመት የተለመደና ጥሩ ዘመን ነው። ግን ከ2015ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ጋር አብሮ ሊታሰብ ይገባዋል። አንደኛ ደረጃ ከ1 እስከ 6፣ መካከለኛ ደረጃ 7 እና 8፣ ሁለተኛ ደረጃ ከ9 እስከ 12 ሆኗል። መካከለኛ ደረጃ ለብቻው በቆመበት ቦታ የሦስት ዓመት የወላጅ ወንበር አይኖርም፤ ልጁ በሁለት ዓመት ይወጣላ! ታናሽ ካልተከተለው በቀር ወላጁ ከትምህርት ቤቱ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። እዚያ ዘመኑ ሁለት ዓመት ይሁን፣ ተመራጩም የ7ኛ ክፍል ወላጅ። ሁለተኛ ደረጃ ላይ ለሦስት ዓመት ወንበር የሚወዳደረው ልጁ 9ኛ ወይም 10ኛ ክፍል ያለ ወላጅ ነው። የ12ኛ ክፍል ወላጅ ልምዱ ብዙ ነው፤ ግን ሐምሌ ላይ ልጁ ብሔራዊ ፈተናውን ጨርሶ ይሄዳል፤ ወንበሩም አብሮ ይሄዳል።

ሁሉም አባላት በአንድ ቀን ገብተው በአንድ ቀን እንዳይወጡ ማድረግ ሌላው ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ስድስት ወላጅ ሲመረጥ ዕጣ ይውጣ፦ ሁለቱ ለአንድ ዓመት፣ ሁለቱ ለሁለት፣ ሁለቱ ለሦስት። ከዚያ በኋላ በየጥቅምቱ ሁለት ወንበር ብቻ ይመረጣል። የባለፈውን ዓመት ውል የሚያስታውስ ሰው ሁልጊዜ ይኖራል ማለት ነው።

የተማሪ አባል ዘመኑ አንድ ዓመት ነው፤ የተማሪዎች ጉባኤ ይመርጠዋል፣ መምህር አይመድበውም። ደቡብ አፍሪካ ከ8ኛ ክፍል በታች ተማሪ ቦርድ ላይ አታስቀምጥም፤ ለአካለ መጠን ያልደረሰ አባልም ትምህርት ቤቱን ወክሎ ውል አይገባም። ይህ ተገቢ ነው። ተማሪውን ከገንዘብ ነክ ድምፅ አውጥቶ በመጸዳጃ ቤት፣ በውኃ፣ በመማሪያ ጊዜ ጉዳይ ላይ ሙሉ ድምፅ መስጠት ይቻላል፤ እነዚያን ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

በዝምታ የሚራዘም ዘመን

ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል በተፈጠረው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ የተከፈቱትም ሲከፈቱ የቦርዱ አባላት ከፊሉ ተሰድዶ፣ ከፊሉ ሥራ ለውጦ፣ ዘመኑም አልፎ ሊገኝ ይችላል። የሚቀለው መንገድ የቀሩት ሦስት ሰዎች «እስኪረጋጋ» ብለው መቀጠላቸው ነው። እስኪረጋጋ የሚባል ቀን ግን በዘመን መቁጠሪያ ላይ የለም። የተሻለው በጽሑፍ የተገደበ ጊዜያዊ ኮሚቴ ነው፦ 3 ሰው፣ 60 ቀን። ሥልጣኑም ይቆጠራል፤ ንብረት ማስጠበቅ፣ ምዝገባ ማስተባበር፣ ምርጫ መጥራት። ባሕር ዛፍ አይሸጥም፣ አዲስ የኪራይ ውል አይፈርምም፣ ግዢ አያጸድቅም። ሰው መሰብሰብ በማይቻልበት አካባቢ በየጎጡ አነስ አነስ ያለ ድምፅ መስጫ አድርጎ ሳጥኑን አንድ ቦታ መቁጠር ይቻላል፤ መዝገቡ ግን አንድ ነው፤ የመረጠ ሰው ስሙ ይሠመርበታል።

ጥቅም ያለው ሰው

የትምህርት ቤት የውስጥ ገቢ ከየት እንደሚመጣ የሚያውቅ ሰው ግጭቱ የት እንደሚፈጠርም ያውቃል። ሣር በጨረታ ይሸጣል። ባሕር ዛፍ ይሸጣል። ሻይ ቤትና ከአጥር ጋር ተያይዘው የተሠሩ ሱቆች ይከራያሉ። ደንብ ልብስ ይሰፋል። ሣሩን የሚገዛው ሰው ከብት አርቢ የሆነ ወላጅ ነው፤ አንዳንዴም የቦርድ አባል። መወዳደሩን ብቻ መከልከል አይበቃም፤ ወንድሙ ይወዳደራልና። ደንቡ ሁለት ነገር ይበል፦ በምርጫ ጊዜ ከትምህርት ቤቱ ጋር ውል ያለው ሰው ይህንኑ ተናግሮ ካልለቀቀ አይወዳደርም፤ ከተመረጠ በኋላ ደግሞ ዘመዱ የሚወዳደርበት ጨረታ ሲታይ ከክፍሉ ይወጣል፣ መውጣቱም ቃለ ጉባኤ ላይ ሰዓቱ ተጠቅሶ ይጻፋል። «ድምፀ ተአቅቦ አደረገ» ማለት አይበቃም፤ እዚያው ተቀምጦ ፊቱን የሚያሳይ ሰው ድምፅ ሰጥቷል።

ስለ ሴቶች አንድ ነገር። በወላጅ ስብሰባ የሚመጡት በአብዛኛው እናቶች ናቸው፤ የሚመረጡት አባቶች። ሴት ስትመረጥም «አባል» ትሆናለች፤ ሰብሳቢና ገንዘብ ያዥ ወንድ ነው። የቁጥር ኮታ ብቻ ይህን አይነካም። ከሦስቱ ኃላፊነቶች (ሰብሳቢ፣ ምክትል፣ ገንዘብ ያዥ) ቢያንስ አንዱ በሴት ይያዝ ብሎ መጻፍ፣ ስብሰባውንም ማታ 12 ሰዓት ሳይሆን ልጅ በሚያደርሱበት ጠዋት ማድረግ ይበልጥ ይሠራል።

ማን ያነሣል

በምርጫ የመጣውን ወላጅ ቀበሌም ርዕሰ መምህርም ማንሣት አይችልም፤ የመረጡት ወላጆች ብቻ ናቸው። ለዚህም ምክንያቱ ቀድሞ የተጻፈ ይሁን፦ ያለ በቂ ምክንያት ሦስት ተከታታይ ስብሰባ መቅረት፣ ልጁ ከትምህርት ቤቱ መውጣት፣ ያልተገለጸ የጥቅም ግንኙነት፣ በእምነት ማጉደል ወንጀል መቀጣት። በውክልና የመጣውን የላከው አካል ያነሣዋል፤ በደብዳቤ እንጂ በስልክ አይደለም። መምህሩን መምህራን ያነሣሉ። «ከቦርዱ ጋር አልተግባባም» የሚለው የትም ቦታ ምክንያት አይደለም፤ አለመግባባት አንዳንዴ ሥራው ነው።

አዲስ አባላት በገቡ ማግስት የሚመጣው ጣጣ ባንክ ነው። ፈራሚዎች ሲለወጡ ባንኩ የትምህርት ቤቱን ደብዳቤ፣ የቃለ ጉባኤውን ቅጂ፣ የአዲሶቹን መታወቂያና የፊርማ ናሙና ይፈልጋል። ቃለ ጉባኤው ላይ የወረደው ሰው ሙሉ ስም፣ የተተካው ሰው ሙሉ ስም እስከ አያት፣ የውሳኔው ቀንና የተገኙት አባላት ቁጥር ከሌለ ይመለሳል። መታወቂያ ላይ «ኃይሉ» ተብሎ ቃለ ጉባኤው ላይ «ሀይሉ» ቢጻፍ እንኳ ያመላልሳል። ይህ ሲጓተት የድጎማ በጀት ሒሳብ ላይ ተኝቶ የ2ኛ መንፈቅ ዓመት ጠመኔና ወረቀት በዱቤ ይገዛል፤ ዱቤ ደግሞ ዋጋው ሌላ ነው። ስለዚህ የቀድሞ ፈራሚዎች እስከ ባንኩ ለውጥ ድረስ ምን መፈረም እንደሚችሉ (የደመወዝና የመብራት ክፍያ ብቻ፣ ለምሳሌ) በምርጫው ቀን ይወሰን።

ርክክቡ በእድር ልማድ ይሁን። ማኅተም፣ የቼክ ጥራዝ ከነቀሪ ቅጠሉ ቁጥር፣ የደረሰኝ ጥራዝ፣ የኪራይ ውሎች ከነማብቂያ ቀናቸው፣ የሚሰበሰብ ዕዳ። የቃለ ጉባኤ መዝገቡ የመጨረሻ ገጽ ላይ ካለቀው መስመር በታች ያለው ባዶ ቦታ በማስመሪያ ይሠመርበታል፤ አስረካቢና ተረካቢ እዚያው መስመር ላይ ይፈርማሉ።